ታንኩን ከማስቀመጣችሁ በፊት፦ የጦርነት ዘመን የባቡር ሞዴል ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እንግሊዝ አገር የባቡር ሞዴል ትርዒት የገባ ሰው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጣቢያ ሳያይ አይወጣም። አሸዋ የሞላ ጆንያ፣ ታንክ የጫነ ፉርጎ፣ ከላይ በክር የተንጠለጠለ አውሮፕላን። እኔንም ይህ አባዜ ይዞኛል። የሠራሁት ባዝ ከተማ አጠገብ ያለ፣ ስሙን ራሴ ያወጣሁለት ትንሽ የገጠር ጣቢያ ነው። ለምን ባዝ? ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት እዚያ ስለሆነ ነው፤ ፌርፊልድ በሚባለው ቤት። (ቀኖቹም ወሮቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጠረጴዛዬ ላይ ጃንሆይ የሉም። ግን በዚያ ዘመን ባቡር ቢሳፈሩ ዓይናቸው ምን ያይ ነበር የሚለው ነገር አልለቀኝ አለ።

ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ግማሹን ጊዜ የጨረስኩት ያበላሸሁትን ሳፈርስ ነው።

ስድስቱን ዓመት አንድ ቀን ላይ ማጨቅ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባል የለ? ሱቅ ስንገባ የምንሆነው እንደዚያ ነው። ጂፑም ያምራል፣ አሜሪካዊው ወታደርም ያምራል፣ ከለንደን የሚሸሹት ሕፃናትም ያሳዝናሉ፤ ሁሉንም ገዝተን አንድ ፕላትፎርም ላይ እናቆማቸዋለን።

የመጀመሪያ ትርዒቴ ላይ አንድ አዛውንት እንግሊዛዊ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና፣ «ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አሉኝ። ሞዴሉ ላይ ማለታቸው ነበር። መልስ አልነበረኝም። ሕፃናቱ በብዛት ከከተማ የወጡት ከመስከረም 1 ቀን 1939 ጀምሮ በነበሩት ሦስት ቀናት ነው፤ ከእናቶችና ከአስተማሪዎች ጋር ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው ተጓጓዘ። ጂፕ መመረት የጀመረው በ1941 ነው። የአሜሪካ ወታደር ብሪታንያ የደረሰው በ1942 መጀመሪያ፣ የአሜሪካ ሠራዊት ሎኮሞቲቭ (ባቡር ጎታቹ) ደግሞ በዚያው ዓመት ከዚያ በኋላ። የእኔ ሕፃናት ገና ያልተሠራ መኪና አጠገብ ቆመው ነበር።

የጣቢያ ስም ሌላው ወጥመድ ነው። የጦርነት ጊዜ ከሆነ ስሙ ይነሳል ብዬ ሰሌዳውን አልሠራሁም። እውነት ነው፣ ተነሥቷል። የተነሣው ግን በ1940 አጋማሽ ላይ ነው፤ ጀርመን በፓራሹት ወታደር ታወርዳለች ተብሎ ሲፈራ፣ ጠላት የት እንዳለ እንዳያውቅ። በ1939 ሰሌዳው በቦታው ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ምረጡ። ወር ብቻ አይደለም፣ ቀን። እኔ መስከረም 1 ቀን 1939ን መረጥኩ። ጂፑን ሸጥኩት።

ፍርስራሽ ማብዛት

ቀን ከመረጣችሁ ይህ በራሱ ይቃለላል። ባዝ ክፉኛ የተደበደበችው በሚያዝያ 1942 መጨረሻ ነው። ግሪን ፓርክ የሚባለው ጣቢያ የጣሪያ መስታወቱን ያጣው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የፈረሰ ግድግዳ ብታቆሙ ታሪክ መፍጠር ነው። በ1942ም ቢሆን ሐዲድ ተሰብሮ አይተውም ነበር፤ የሐዲድ ጠጋኞች ጓድ አካፋና አዲስ ሐዲድ ይዞ ይመጣል። የሚያጨስ ጉድጓድ አጠገብ ባቡር በሰላም ሲያልፍ ማሳየት ግን ብዙ ሰው ይወዳል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ጣቢያውን እንደ ሠርግ ቤት ማብራት

ኤልኢዲ ርካሽ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ቦታ እንለጥፈዋለን። ነገር ግን ከመስከረም 1 ቀን 1939 ጀምሮ አገሩ በሙሉ ጨለማ ነበር። ከቤትም ሆነ ከጣቢያ ብርሃን እንዳይወጣ ተከለከለ። የመኪና ፊት መብራት ይሸፈናል። ተሳፋሪ በጨለማ ሐዲድ ላይ እንዳይወድቅ የፕላትፎርሙ ጠርዝ ነጭ ይቀባል፤ ምሰሶውም እንደዚሁ። በፉርጎ ውስጥ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ።

እኔ አምፖሎቹን የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቀንስ ሬዚስተር ጨምሬ አደበዘዝኳቸው፤ ከዚያም ሰማያዊ ቀለም ነካ ነካ አደረግኳቸው። ያ ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ፣ ከታንክም ከመድፍም ይልቅ «ጦርነት» ይላል። ቀለሙ ጥቂት ሳንቲም ነው። በነገራችን ላይ መስመሩን በማስመሪያ ቀጥ አታድርጉት። በጥድፊያ በብሩሽ የተቀባ ነገር ይወላገዳል።

ስኬል (የማሳነሻ ልክ) ማደባለቅ

የእንግሊዝ ባቡር ሞዴል በብዛት ዶብል ኦ ነው፤ ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያንሳል። የጦር መኪናና የወታደር ሞዴል ግን ብዙው 1 ለ72 ነው። የአውሮፓው ባቡር ደግሞ 1 ለ87። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው በ72 ወደ 24 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ በ76 ወደ 23፣ በ87 ወደ 20። በ72ና በ76 መካከል ያለው ልዩነት ያልፋል፤ ሰውም እኮ ረጅምና አጭር አለው። የ87ቱን ሰው ከ72ቱ አጠገብ ካቆማችሁት ግን አባትና ልጅ ይመስላሉ። በር፣ መስኮትና መኪና ደግሞ ጨርሶ ይቅርታ አያውቁም። ቁመታቸው የተለያየውን አራርቃችሁ አስቀምጡ።

የእኛን የጅቡቲ መስመር ለመሥራት የምታስቡም አትጠፉም። ጃንሆይ በግንቦት 2 ቀን 1936 አዲስ አበባን ለቀው የወጡት በዚያ ባቡር ነው፤ ከዚህ የበለጠ የጦርነት ዘመን ታሪክ ከየት ይመጣል? ግን ልብ በሉ፤ የዚያ የድሮ መስመር የሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር። በ1 ለ87 ከሠራችሁት ወደ 11.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ለዚህ የሚሸጠው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። ሱቁ ሁሉ የሚሸጠውን የ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ገዝታችሁ ከመጣችሁ የሌላ አገር ባቡር ሠራችሁ ማለት ነው።

ከክፍሉ የሚበልጥ ባቡር ማሰብ

የዶብል ኦ መንገደኛ ፉርጎ ወደ 23 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። አሥር ፉርጎ 2 ሜትር ከ30 ሊሆን ነው፣ ሎኮሞቲቩ ሳይቆጠር። ያ ባቡር የሚቆምበት ፕላትፎርም፣ ከዚያ የሚታጠፍበት ቦታ ያስፈልገዋል። ትላልቆቹ ሎኮሞቲቮች ደግሞ ከ438 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ባነሰ ኩርባ ላይ ብዙ ጊዜ ይወድቃሉ። የገጠር ጣቢያ፣ ሦስት ፉርጎ፣ አንድ አነስ ያለ ሎኮሞቲቭ። ይበቃል።

ሎኮሞቲቩን እንደ ሙሽራ ማስጌጥ

ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ የሚያጥብ እጅ ጠፋ፣ ቀለምም ጠፋ። በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር በርራ የእንፋሎት ባቡር ሪከርድ የሰበረችው ማላርድ እንኳ ያ ውብ ሰማያዊዋ ተሸፍኖ ጥቁር ተቀብታለች። ስለዚህ ለ1943 ሞዴል ጥላሸት አይቆጠብም፤ የደቀቀ ከሰል በለስላሳ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች። ለ1939 ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ጦርነቱ የጀመረ ዕለት ሎኮሞቲቩ በአንድ ሌሊት አልቆሸሸም። የእኔን ለሁለት ሳምንት ሳቆሽሽ ከርሜ፣ መልሼ በአልኮል አጠብኳት።

ሰዎቹን መርሳት

ወታደር እናበዛለን። ጣቢያውን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው እንረሳለን። ወንዶቹ ሲዘምቱ ሻንጣ የሚሸከሙት፣ ትኬት የሚቆርጡት፣ ሲግናል የሚጎትቱት ሴቶች ሆኑ፤ በጦርነቱ ዘመን በባቡር ድርጅቶቹ ከ100 ሺህ በላይ ሴቶች ሠርተዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አልሠራም፤ ሌላውም እንዳይሠራው እለምናለሁ። ሰዎች ወደ ሞት ካምፕ የተጫኑባቸውን የተዘጉ ፉርጎዎች ለመዝናኛ በክብ ሐዲድ ላይ ማዞር። ሙዚየም ውስጥ ማብራሪያ ተጽፎበት ሲቆም ሌላ ነው። ትርዒት ላይ፣ ከአይስክሬም ሻጩ ማዶ፣ አይሆንም።

ወደ ሕፃናቱ ልመለስ። ከዚያ ትርዒት በኋላ፣ በልጅነታቸው ከለንደን የተላኩ አንዲት እናት ሞዴሌን አይተው ነበር። ደስ አላቸው፤ ከዚያ «ወረቀታችንስ?» አሉኝ። እያንዳንዱ ልጅ ኮቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት፣ ትከሻው ላይ የጋዝ ጭንብል የያዘ የካርቶን ሳጥን ነበረው። የስምንት ዓመት ልጅ በዶብል ኦ ቁመቱ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወረቀቱን አስቡት። አሥራ አራት ቁራጭ ቆረጥኩ፣ በማጉያ መነጽርና በወረንጦ፣ ትንፋሼን ይዤ አጣበቅኳቸው። የአንዷ ልጅ ወረቀት ሳስነጥስ በረረ። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም። አዲስ ቆረጥኩላት።