ማኪያቬሊን ለማንበብ ከ7ኛው ምዕራፍ ጀምሩ

የጣሊያናዊውን የፖለቲካ ጸሐፊ የማኪያቬሊን «ልዑሉ» ላንብብ ብሎ ለሚያማክረኝ ሁሉ፣ ከፊት አትጀምር እለዋለሁ። መጽሐፉ 26 ምዕራፍ ቢሆንም አጫጭር ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ስለ ግዛት ዓይነቶች ስለሚያወሩ ደረቅ ይላሉ፤ ብዙ ሰው እዚያው ይተወዋል። እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ በቀጥታ ወደ 7ኛው እለፉ።

እዚያ የጳጳሱ ልጅ፣ የጦር መሪው ቼዛሬ ቦርጂያ አለ። ዘረፋና ሥርዓት አልበኝነት የነገሠባት የጣሊያን ግዛት፣ ሮማኛ፣ እጁ ገብታለች። ሬሚሮ ዴ ኦርኮ የሚባል ጨካኝ ሰው ሾመና ሙሉ ሥልጣን ሰጠው። ሰውዬው አገሩን ጸጥ ለጥ አደረገ፤ ሕዝቡ ግን ጠላው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1502 መገባደጃ፣ አንድ ጠዋት ሬሚሮ በሮማኛዋ ከተማ በቼዜና አደባባይ ላይ ለሁለት ተቆርጦ ተገኘ። አጠገቡ ቁራጭ እንጨትና ደም የነካው ቢላ ነበር። ሕዝቡ ደስም አለው፣ ደነገጠም።

እዚህ ላይ ቁሙና ሦስት ጥያቄ ጻፉ። ማን አዘዘ? ማን ፈጸመ? ጥላቻው ማን ላይ ቀረ? መልሶቹ አንድ ሰው ጋ አይገጥሙም። የጨዋታው ሚስጥር ይኸው ነው።

8ኛውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የሸክላ ሠሪ ልጅ የነበረው አጋቶክለስ የሲራኩዝን፣ የሲሲሊዋን ጥንታዊ ከተማ፣ ሹማምንትና ሀብታሞች ለምክር ብሎ ጠርቶ በወታደር አስፈጃቸው። ማኪያቬሊ «በዚህ መንገድ ሥልጣን ይገኛል፣ ክብር ግን አይገኝም» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ቀጥሎ ጭካኔን «በደንብ የተሠራበት» እና «ያልተሠራበት» ብሎ ይከፍላል። የመጀመሪያው ባንዴ ተፈጽሞ የሚያበቃ ነው፤ ሁለተኛው በትንሹ ጀምሮ እየበዛ የሚሄድ። ግን «ስለ ክፉ ነገር ‹በደንብ› ማለት ከተፈቀደ» የምትል ሐረግ ጣል አድርጓል። አስምሩባት። ሰውዬው ክፉውን ደግ ነው አላለም። ክፉ እያለ ነው የሚመክረው፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው።

ከ15 እስከ 18 በአንድ ምሽት ያልቃል። «ከመወደድ መፈራት ይሻላል» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። እንዳትጠላ፣ የሰው ንብረት አትንካ የሚለውን ግን ማንም አይጠቅስም። ሰው ከርስቱ መነጠቅ ይልቅ የአባቱን ሞት ቶሎ ይረሳል ይላል። የውርስ ክርክር ችሎት የገባ ሰው አይስቅም። «ዓላማው መንገዱን ይቀድሰዋል» የምትለዋን እዚህ አትፈልጓት፣ በዚያ ቃል አልተጻፈችም። 18ኛው ላይ ያለው ሰው ውጤቱን ነው የሚያየው የሚል ሐሳብ ነው።

የሕይወት ታሪኩን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ቀድማችሁ ካነበባችሁ ታዝኑለታላችሁ። ፍሎረንስን 14 ዓመት አገልግሏል። ቀድሞ ከተማዋን ይገዛ የነበረው የሜዲቺ ቤተሰብ ተመልሶ ሲመጣ ተባረረ፣ በ1513 ታስሮ እጁን የኋሊት ታስሮ እየተሰቀለ ተሠቃየ። መጽሐፉን ጽፎ ያበረከተው ለዚያው ቤተሰብ ነው! የታተመው ደግሞ በ1532፣ ከሞተ 5 ዓመት በኋላ።

በቡድን የምታነቡ ከሆነ አንዱ ቴዎድሮስን፣ ሌላው መንግሥቱን ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ይምጡ፣ ግን ለእነሱም ሦስቱ ጥያቄዎች ይጻፉ። ወረቀቱን የሞላ ቀድሞ ይናገር።