ቁም ሣጥን ላይ የተኛውን ፕሌይስቴሽን 2 መልሶ ማስነሳት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ባቲ፣ ቁም ሣጥን ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ ፕሌይስቴሽን 2 አይጠፋም። ወይ ከዓረብ አገር የተላከ ነው፣ ወይ ጌም ቤት ሲዘጋ የተገዛ። «ተበላሽቷል» ተብሎ ከተቀመጠው አብዛኛው ግን አልሞተም፤ ሌንሱ ቆሽሿል፣ አቧራ ውጧል ወይም የማይሆን መብራት ላይ ተሰክቷል። የሚጣል ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ፣ የእግር ኳስ ጌሙን ፔስ 6ን፣ ሳን አንድሪያስን፣ ጎድ ኦፍ ዋርን ያሳየን፣ የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ እንኳ የሚያነብ ማሽን ነው። ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ አፕዴት አይልም። ሁለት ጆይስቲክ ተሰክቶ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከተቀመጠ ሌላ አይፈልግም።

ሳትሰኩት ጽሑፉን አንብቡ

የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣው ማሽን 120፣ ከጃፓን የመጣው 100 ቮልት ብቻ የሚቀበል ሊሆን ይችላል። እሱን ቀጥታ መሰካት ቢቀል ፊውዙን ያቃጥላል፣ ቢከፋ ፓወር ሰፕላዩን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጀርባው ወይም ታቹ ላይ የተለጠፈውን ፈልጉ። 220–240 ካለ ስኩት። 120 ወይም 100 ካለ ቮልቴጅ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ 200 ዋት የሚችለው ይበቃል።

ማሽኑ ሁለት ዓይነት ነው፦ የመጀመሪያው ትልቁ፣ በኋላ የወጣው ቀጭኑ ስሊም። ስሊሙ ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የሞዴል ቁጥራቸው ከ70000 እስከ 79000 የሆኑት አዳፕተራቸው ውጭ ነው፣ የሚሰጠውም 8.5 ቮልት ነው። አዳፕተሩ ጠፍቶ ከሆነ የላፕቶፕ ቻርጀር ጫፉ ቢገጥም እንኳ እንዳትሞክሩት፤ አብዛኛው 19 ቮልት ስለሚሰጥ ቦርዱን ያቃጥለዋል። 90000 የሚለው ስሊም ፓወሩ ውስጡ ስለሆነ ገመድ ብቻ ይበቃዋል።

ዕቃ የሚያቃጥለው መብራቱ መጥፋቱ ሳይሆን አመጣጡ ነው። በጠፋበት ቅጽበት ከሶኬቱ ንቀሉ፤ ከመጣ በኋላም አምፖሉ እስኪረጋ አምስት አሥር ደቂቃ ታገሡ።

እርጥበት

ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል የደሴ ጓዳ ይረጥባል። ከዚያ ጓዳ የወጣ ቀዝቃዛ ማሽን፣ ከሰል የተያያዘበትና ጀበና የሚንተከተክበት ክፍል ሲገባ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ወዲያው ቢበራ ሌንሱ ላይ ያለው ጤዛ ሲዲ አላነብ ይላል፣ ቦርዱ ላይ ያለው ደግሞ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። አውጥታችሁ ሦስት አራት ሰዓት ክፍሉን ይልመድ። ኮምቦልቻና ባቲ ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሙቀትና አቧራ ነው። የትልቁ ማሽን ፋን ከጀርባ ስለሆነ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቁት፤ የዳንቴል ልብስ አልብሳችሁም አታብሩት።

ቀዩ ገጽ

ማሽኑ በርቶ፣ ሲዲው ሲሽከረከር ተሰምቶ፣ መጨረሻ ላይ ቀይ ገጽ ከመጣ ፓወሩ ደህና ነው ማለት ነው። ችግሩ ወይ ሲዲው ነው ወይ ሌንሱ። ከሁሉ በፊት በኦሪጅናል ሲዲ ሞክሩ፤ ኮፒ የሚያስነብብ ቺፕ ያልተገጠመለት ማሽን ኮፒ ሲዲን ምንም ያህል ቢነጻ አይቀበለውም።

ሲዲውን ገልብጣችሁ እዩት። የፕሌይስቴሽን 1 ኦሪጅናል ሆዱ ጥቁር ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፦ ሰማያዊው ሲዲ፣ ብርማው ዲቪዲ። ይህ ለምርመራ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ማሽኑ ሲዲና ዲቪዲን የሚያነበው በተለያየ ጨረር ነው። አንዱን ዓይነት እያነበበ ሌላውን እምቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የደከመው ጨረሩ ራሱ ነው፤ ማጽዳት ብዙ አይረዳውም። ሁለቱንም እምቢ ካለ ወይም አንዴ እያነበበ አንዴ ከተወ ግን ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ነውና ተስፋ አለው።

የወሎ ቤት ያለ ቡና፣ ያለ ዕጣንና አድሩስ አይውልም፤ ጭሱ ሌንሱ ላይ ስስ የቅባት ሽፋን ይተዋል። በደረቅ ጥጥ ብትፈትጉት ሽፋኑን ከማዳረስና ሌንሱን ከመጫር ያለፈ አይፈይድም። የስሊሙ ክዳን ሲከፈት ሌንሱ ከፊት ለፊት ይታያል፤ የምስር ፍሬ የምታህል ሰማያዊ የምታብለጨልጭ ጉልላት ናት። ከሶኬቱ ነቅላችሁ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ፣ እንዳይንጠባጠብ ጨምቃችሁ፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሩ። ሌንሷ በስስ ሽቦ ተንጠልጥላ ስለምትቆም ስትነካ ወደ ታች ትሰምጣለች፤ እሱ ጤናዋ ነው፣ አትጫኗት እንጂ። ንጹሑ አልኮል 99 ከመቶ ሲሆን ይመረጣል። መድኃኒት ቤት የሚገኘው 70 ከመቶው ቀሪው ውሃ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ እሱን ከተጠቀማችሁ በሌላ ደረቅ ጥጥ ጫፍ ብቻ አንድ ጊዜ አሳርፉበትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

በ70000ዎቹ ስሊሞች ላይ አንድ የታወቀ ችግር አለ። ወደ ሌንሱ የሚሄደው ጠፍጣፋ ገመድ ይነሳና የሚሽከረከረውን ሲዲ ይፍቃል። ሲዲያችሁ ላይ በኮምፓስ የተሳለ የሚመስል ክብ ጭረት ካያችሁ ሌላ ሲዲ አትክተቱ። ገመዱን በቦታው በስስ ፕላስተር አስይዙት። ክብ ጭረት ከሁሉ የከፋ ነው፣ መረጃው የተጻፈበትን መስመር ተከትሎ ስለሚያጠፋ። ሲዲ ስትጠርጉም በዚሁ ምክንያት ከመሐል ወደ ውጭ በቀጥታ እንጂ በማዞር አይደለም።

ትልቁን መክፈት

ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፤ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀሉም በኋላ መብራት ይይዛሉ። ገልብጡትና ታቹ ላይ ያሉትን ትንንሽ ክዳኖች በቢላ ጫፍ አንሱ፤ ብሎኖቹ ከስራቸው ናቸው፣ እንደ ሞዴሉ ስምንት ወይም አሥር። በባለ መስቀል ካቻቢቴ ከፈታችሁ በኋላ መልሳችሁ ወደ ላይ አዙሩና ክዳኑን በዝግታ አንሱ። የፓወርና የሲዲ ማውጫ ቁልፎቹን የሚያገናኝ ቀጭን ጠፍጣፋ ገመድ አለ፤ በጉልበት ከተሳበ ይቀደዳል፣ ብዙ ማሽን የሚበላሸውም ጥገናው ላይ እዚህ ጋ ነው። ከዚያ የሲዲ ማንበቢያው ክዳን በአራት ትንንሽ ብሎኖች ይፈታል፤ ሌንሱም ይታያል። ጎኑ ላይ ያለችው ነጭ ጥርስ ያላት ጎማ የሌንሱን ከፍታ የምታስተካክል ናት። ካጸዳችሁ በኋላም አላነብ ካለ ብቻ፣ የነበረችበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋችሁ አንድ ጥርስ አዙሩና ሞክሩ።

ሲበራ ሁሌ ቋንቋና ሰዓት የሚጠይቅ ከሆነ ውስጡ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች። ሴቫችሁን አትነካም፣ እሱ ያለው ሜሞሪ ካርዱ ላይ ነው።

ጆይስቲክ፣ ቴሌቪዥን

የሚጣበቅ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ የፈሰሰ ለስላሳ ውጤት ነው። ከጀርባው ፈትታችሁ ላስቲኩንና ፕላስቲኩን በለብታ ውሃና ሳሙና እጠቡ፣ አንድ ቀን ሙሉ አድርቁ። ከላስቲኩ ስር ያሉትን ጥቁር ነጠብጣቦች አትፈግፍጓቸው፣ ቁልፉ የሚሠራው በእነሱ ነው።

አሮጌ ወፍራም ቴሌቪዥን ካላችሁ አትሽጡት፤ ለዚህ ማሽን ከእሱ የሚበልጥ የለም፤ ቁልፍ ስትጫኑ ወዲያው ይታዘዛል። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ መሰኪያ በሌለው አዲስ ቴሌቪዥን ላይ ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ይገዛል፤ በዩኤስቢ መብራት ካላገኘ ግን ምስል አይሰጥም። ቴሌቪዥኑ ላይ «ጌም ሞድ» ካለ አብሩት፣ ያለበለዚያ ፔናልቲ ስትመቱ ኳሱ ዘግይቶ ይሄዳል።

በአዲሶቹ ጌሞች ያደገ ልጅ አጠገባችሁ ሲቀመጥ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። ፊፋ የለመደ ሰው ለመምታት ክቡን ይጫናል፤ ፔስ 6 ላይ ግን ክቡ ረጅም ኳስ ነው፣ መምቻው ካሬው ነው። ብራዚላዊውን አጥቂ አድሪያኖን የያዘ ሰው ካሬውን ካወቀ ይበቃዋል፤ የምት ጉልበቱ 99 ነው። ሁለተኛ፣ የ2018ቱን ጎድ ኦፍ ዋር የተጫወተ ልጅ የ2005ቱን ሲከፍት ካሜራውን በቀኝ ስቲክ ለማዞር ይሞክራል፤ የጌሙ ጀግና ክሬቶስ ግን ይንከባለላል። ያኔ ስቲኩ የማምለጫ ነበር፣ ካሜራውን የሚይዘው ጌሙ ራሱ ነው።

ከፕሌይስቴሽኑ አጠገብ ካሴት የሚበላው የድሮው ቲቪ ጌም ከተገኘ፣ ካሴቱን በአፍ አትንፉት። ምራቅ የናሱን ጥርስ ያዝጋል። በላጲስ ቀስ ብላችሁ ፈግፍጉ፣ በአልኮል ጥጥ ጥረጉ፣ አድርቁና አስገቡ። ኮንትራ የሚባለው የተኩስ ጌም ሲከፈት ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ፣ ስታርት፤ 30 ነፍስ።

ሜሞሪ ካርድ

ኦሪጅናሉ 8 ሜጋባይት ነው። 64 ወይም 128 የሚሉት ርካሾቹ ሴቭ በማጥፋት ይታወቃሉና የፔስ ማስተር ሊግ ዓመታችሁን አታስቀምጡባቸው። ሴቭ እያደረገ ካርዱን መንቀል ወይም መብራት መጥፋት ፋይሉን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ቅጂ ይያዝ። ሲዲ ሳትከቱ አብሩ፣ «ብራውዘር» የሚለው ምርጫ ውስጥ ግቡ፣ ካርዱን ምረጡ፣ ፋይሉ ላይ ኤክስ ተጫኑና በሁለተኛው ማስገቢያ ወዳለው ካርድ ኮፒ አድርጉ። ሁለተኛውን ካርድ ነቅላችሁ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምራችሁ፣ በክዳን በሚዘጋ ዕቃ አስቀምጡት።