ድብልቡሌን ማየት ለምትፈልጉ፤ መጀመሪያ ዘፈኑን

የምሠራው ፓሪስ ነው፤ አንዲት የ94 ዓመት እናት አስታምማለሁ። አንድ ቀን ሾርባቸውን እየጠጡ አንድ ዜማ ማንጎራጎር ጀመሩ። «አባቴ ጢሙን ሲላጭ የሚዘፍነው ነው» አሉኝ። ዘፋኙ ዦርዥ ሚልቶን ይባላል። ዜማውን ስፈልግ ፊልሙን አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ ሚልቶን የሚሠራባቸው የድሮ የፈረንሳይ አስቂኝ ፊልሞች ፍቅር አለቀቀኝም። እናንተም እንድታዩ ስለምፈልግ አካሄዱን ልንገራችሁ።

መነሻችሁ በ1930 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የወጣው «ለ ሯ ዴ ሬስኪየር»፣ የሬስኪየሮች ንጉሥ፣ ይሁን። አዘጋጁ ፒዬር ኮሎምቢዬ ነው። ሬስኪየር ማለት ትኬት ሳይቆርጥ ሾልኮ የሚገባ ሰው ነው። ስታዲየም አጥር ዘሎ የገባ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሚልቶን በፊልሙ ቡቡል ይባላል፤ በእኛ አማርኛ ድብልቡሌ እንደማለት ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ ሁልጊዜ ዘዴ የማያጣ።

ፊልሙን ከመክፈታችሁ በፊት ግን ዘፈኖቹን ስሙ። ሁለት ናቸው የሚበቋችሁ፦ «ዤ ማ ኮምቢን» እና «ሴ ፑር ሞን ፓፓ»። የመጀመሪያው «እኔ ዘዴ አለኝ» ነው፤ ሁለተኛው «ለአባባ ነው»። ሦስት አራት ጊዜ ስሟቸው፣ አዝማቹን አብራችሁ በሉት። ሚልቶን ከሙዚቃ አዳራሽና ከኦፔሬት፣ ቀለል ካለ የዘፈን ቲያትር፣ መድረክ የመጣ ሰው ነው። ዘፈኑ ሲደርስ ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ዜማውን ቀድሞ የማያውቅ ሰው እዚያ ጋ ይሰለቻል፤ የሚያውቅ ደግሞ የሚጠብቀው እሱን ነው። የዚያን ጊዜ ተመልካችም ሸክላውን ገዝቶ ቤቱ ይዘፍነው ነበር።

ፈረንሳይኛችሁ ደካማ ቢሆን አትፍሩ። የሰፈሩን ቋንቋ ብቻ በትንሽ ደብተር ያዙ። ፍሊክ ፖሊስ ነው፣ ፖኞን ብር፣ ፎሼ ኪሱ የነጠፈ። የትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ እነዚህን አያስተምርም፤ ለዚህ ዓይነት ፊልም ግን ከሰዋስው ይልቅ እነሱ ይጠቅማሉ። የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፤ ድምፁ ይሻክራል።

ሰዎቹ አንድ ቦታ ተጠጋግተው ቆመው ሲያወሩ ስታዩ ደግሞ አትፍረዱባቸው። በፈረንሳይ ተናጋሪ ፊልም ከተጀመረ ገና ዓመት ገደማው ነበር። የዘመኑ ካሜራ ሲሠራ ይጮኻል፣ ማይክራፎኑም ያንን ጩኸት ይለቅማል። ስለዚህ በነዚያ ዓመታት ካሜራውን ድምፅ በማያሳልፍ ሳጥን ውስጥ ይዘጉበት ነበር። ተዋናዩም ከማይክራፎኑ መራቅ አይችልም። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ሚልቶን በዚያች ጠባብ ቦታ በፊቱና በእጁ ብቻ የሚሠራውን ተመልከቱ። እኔን የገዛኝ እሱ ነው።

ቀጥሎ የ1931ዱን «ለ ሯ ዱ ሲራዥ»፣ የጫማ ቀለም ንጉሥ ማለት ነው፣ እዩ። እሱም የኮሎምቢዬ ነው። ጣልያን ሀገራችንን ከመውረሩ ትንሽ ቀደም ብሎ የወጣ፣ ቡቡልን የጥቁሮች ንጉሥ የሚያደርግ ፊልምም አለ። ርዕሱ ላይ ጥቁርን የሚጠራበት ቃል ስድብ ነው። እሱን አልመክርም። ሚልቶንን እወደዋለሁ፤ ይህን ግን አልወደድኩለትም።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ፊልሙ ሲጀምር የሚያልፉትን ስሞች አትዝለሉ። «ለ ሯ ዴ ሬስኪየር»ን የሠራው ፓቴ ናታን የሚባል ኩባንያ ነው። የኩባንያው ባለቤት በርናር ናታን አይሁዳዊ ነበር፤ በ1942 ኦሽዊትዝ በተባለው የናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ሞተ። የአባባን ዘፈን ዜማ የደረሰው ካዚሚር ኦበርፌልድም አይሁዳዊ ነው፤ እሱንም ወደ ኦሽዊትዝ አጋዙት፣ በ1945 ሞተ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ስማቸው ሲያልፍ ፊልሙን አቆማለሁ።

በአንድ ቁጭታ ካልጨረስን አትበሉ። እኛ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ 20 ደቂቃ ነው የምናየው። ዘፈኑ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ። እማማ ማንኪያውን ያስቀምጣሉ።