ግቢ ለመሙላት ስንት ገልባጭ አፈር ይበቃል?

ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት። በተለይ ወደ ጣና ዳር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ክረምት ሲገባ ውሃው መሄጃ ያጣል። ስለዚህ ከግንባታ በፊት ግቢ መሙላት የተለመደ ነው። "ስንት ቢያጆ (የገልባጭ ምልልስ) ይበቃል?" ብላችሁ አፈር ሻጩን አትጠይቁት። ሒሳቡን ራሳችሁ ስሩት።

ሜትር ከመዘርጋታችሁ በፊት ላዩን ጥቁር አፈር ከነሳሩ አስነሱት። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ቤት አይሸከምም። ከ200 ካሬ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢነሳ 40 ሜትር ኪዩብ ነው። ቀድሞ የለካ ሰው ይህን ሁሉ ሳይቆጥረው ይቀራል።

ርዝመትና ወርድ ቀላል ነው። 20 በ10 ከሆነ 200 ካሬ።

ጣጣው ጥልቀቱ ነው። መጀመሪያ ሙሌቱ የት ድረስ እንደሚደርስ ወስኑና፣ ከመንገዱ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ አንድ ችካል ላይ ምልክት አድርጉ። ምልክቱን ወደ ሌሎቹ ችካሎች የምታሻግሩት ውሃ በሞላ፣ ውስጡ በሚታይ ቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ ነው። ቱቦው ውስጥ አየር ካለ ልኩ ይዛባል፤ አረፋው እስኪወጣ ጠብቁ። በዓይን መገመቱን ተዉት። ሜዳ የሚመስል ቦታ ብዙ ይደብቃል።

ከዚያ ሲባጎ ወጥራችሁ ከሲባጎው እስከ መሬት ለኩ። ብዙ ሰው አራቱን ማዕዘን ለክቶ ለ4 ያካፍላል። ይህን አቋራጭ አልወደውም፤ መሃል ላይ ጉድጓድ ካለ አያየውም። ዘጠኝ ቦታ ለኩ፤ አራቱን ማዕዘን፣ የአራቱን ጎን አጋማሽና መሃሉን። ለምሳሌ በሳንቲ ሜትር፦

20 – 25 – 30
40 – 85 – 50
60 – 65 – 70

ማዕዘኖቹን እንዳሉ ያዙ፤ ድምራቸው 180። የጎኖቹን አጋማሽ በ2 አባዙ፤ 360። መሃሉን በ4፤ 340። ግቢውን ለአራት ብትከፍሉት መሃሏ ነጥብ አራቱንም ክፍል ትነካለች፤ ለዚህ ነው በ4 የምትባዛው። ድምሩ 880፣ ለ16 (አራት ክፍል፣ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን) ሲካፈል 55 ሳንቲ ሜትር። 200 በ0.55 ሲባዛ 110 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። በማዕዘን ብቻ ቢሰላ 90 ይወጣ ነበር።

ይህ ግን የተጠቀጠቀ አፈር ነው። መኪና ላይ የሚመጣው ልቅ ስለሆነ ሲጠቀጠቅ ሩብ ያህሉ ይቀንሳል እንበል። የሚቀንሰው የልቁ አፈር ሩብ ስለሆነ የ110ን ሩብ መጨመር አይበቃም። 110ን ለ0.75 አካፍሉ፤ 147 ገደማ ይመጣል።

ሹፌሩ "16 ሜትር ኪዩብ ይጭናል" ካላችሁ የጭነት ሳጥኑን ከውስጥ ለኩት። 4.8 በ2.3 በ1.3 ከሆነ 14 ከምናምን ነው። እንግዲህ 147 ለ14.35 ሲካፈል አሥር ቢያጆ ከትንሽ። በ16 ብታሰሉት ግን ዘጠኝ ከትንሽ ይላችኋል።

ለቤቱ ስር ገረጋንቲ (ጠጠር ያለበት አፈር)፣ ለጓሮው ቀይ አፈር ይሻላል። ሁለቱንም ከሰኔ በፊት አስገቡ፤ ከዘነበ በኋላ ገልባጩ ራሱ ግቢያችሁ ውስጥ ይሰምጣል። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እያርከፈከፋችሁ አስጠቅጥቁ። አሥሩ ካለቀ በኋላ ሲባጎውን እንደገና ወጥሩና የጎደለ ካለ ያኔ አሥራ አንደኛውን ጥሩ።