የሰው ራስ በጭቃ፦ ከልኬት እስከ እቶን

የሰውን መልክ በጭቃ ለማውጣት የተነሣ ጀማሪ የሚቸኩለው ወደ ዓይንና ከንፈር ነው። መልክ ግን አስቀድሞ በራስ ቅሉ ቅርፅ፣ በጉንጭ አጥንቱ አወጣጥና በአንገቱ አቋም ይያዛል። የምናውቀውን ሰው ከኋላው እየሄድን የምንለየው በዚሁ ነው። ስለዚህ የሥራው ግማሽ ያለ ዓይን ይሂድ።

ሙሉ መጠን ላለው ራስና አንገት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ጭቃ ይበቃል። ሸክላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት አፈር ጥሩ ነው፤ ተፈጭቶ የተነፋ ገል ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ጨምሩበት። ገል አንዴ እሳት ያየ ስለሆነ አይኮማተርም፤ ስንጥቁን ይቀንሳል፣ እርጥበቱንም ያስወጣል። ጭቃው እጅ ላይ የማይጣበቅ፣ ሲያጥፉትም የማይሰነጠቅ እስኪሆን ይታሽ።

ለድጋፍ 35 በ35 ሳንቲሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ መሃል ላይ 25 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው እንጨት አቁማችሁ ከሥር በብሎን እሰሩ። ቋሚውን በጋዜጣ ጠቅልሉ፤ ጫፉ ላይም ሁለት ቡጢ የሚያህል የጋዜጣ ኳስ በሲባጎ አጥብቁ። ጭቃ እንጨት ላይ እንደተጣበቀ ሲኮማተር መሸሻ አጥቶ ይሰነጠቃል፤ ጋዜጣ ግን ይጨመቅለታል። ከኳሱ ሥር አጭር እንጨት አግድም ይታሰር፤ ያለዚያ እርጥቡ ራስ በክብደቱ እየተንሸራተተ አንገቱን ይውጠዋል።

ሞዴሉ፣ ማለትም መልኩ የሚወጣለት ሰው፣ እና ሥራው በእኩል ከፍታ፣ በአንድ ጎን ብርሃን ይቀመጡ። በካሊፐር (ሁለት ጥምዝ እግር ባለው መለኪያ) ከአገጭ እስከ አናት፣ ከግንባር እስከ ራስ ቅሉ ጀርባ፣ ከጉንጭ አጥንት እስከ ጉንጭ አጥንት ለኩ። በአዋቂ ሰው የመጀመሪያው 22፣ ሁለተኛው 19 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ይህ ሁለተኛው ልክ ነው ጀማሪን የሚያሳስተው፤ ፊትን ከፊት ለፊት ማየት ስለለመድን የራስ ቅሉን ጀርባ እንቆርጠዋለን፣ ጆሮውንም ወደ ፊት እናመጣዋለን። ከጎን ሲታይ ጆሮ ከመሃሉ መስመር በስተኋላ ነው፤ ቁመቱም በግምት ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር ነው። ዓይን ደግሞ ከአናትና ከአገጭ እኩል ርቀት ላይ ነው። ፀጉር የሸፈነውን ግንባር ስለማንቆጥር ወደ ላይ እንሰቅለዋለን። ጭቃ ደርቆ እስኪተኮስ ድረስ ከመጠኑ አንድ አሥረኛ ያህል ሊያጣ ስለሚችል፣ የመጨረሻው ሥራ በተፈጥሮ መጠን እንዲሆን የምትፈልጉ ልኬቱን ሁሉ በ1.11 አባዙ።

ጭቃውን በትንንሹ እየቆነጠራችሁ በአውራ ጣት ጫኑ። ከዚያ ሞዴሉንም ሥራውንም በእኩል ማዕዘን እያዞራችሁ የውጭውን መስመር ብቻ አስተያዩ፤ ስምንት አቅጣጫ ይበቃል። ፈረንሳዊው ቀራፂ ኦጉስት ሮዳን የሠራው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ያሳየው «የነሐስ ዘመን» የተሰኘ የጄሶ ሐውልት ከሕያው ገላ ላይ በቀጥታ ተቀድቷል ተብሎ እስኪታማ ድረስ ተሳክቶለታል። አንዱ አቅጣጫ ትክክል ሆኖ ሌላው ከተበላሸ ስህተቱ ያለው በሁለቱ መካከል ባለው ገጽ ላይ ነው፤ በጥፍር አትነካኩት፣ ጭቃ ጨምሩ ወይም ቁረጡ።

አሁን ዓይን። ስንጥቅ አትሳሉ፤ 2.5 ሳንቲሜትር ድቡልቡል ጭቃ በጎድጓዳው ውስጥ አስቀምጡና ሽፋኖቹን በላዩ አልብሱት። ከጎን ሲታይ የላይኛው ሽፋን ከታችኛው ወደ ፊት ይወጣል፤ ይህ ከተረሳ ዓይኑ የፈጠጠ ይሆናል። ብሌኑን እንደ ፈረንሳዊው ቀራፂ ሁዶን ጥልቅ አድርጋችሁ ጎድጉዱ፣ ከላይ በኩል ግን ብርሃን የምትይዝ ትንሽ ቁራጭ አስቀሩ። ጥላው ጥቁረቱን፣ ቁራጯ ብልጭታውን ይሰጣሉ። ከንፈርም ከጥርሶቹ ቅስት ጋር ይዞራል፤ ጠፍጣፋ ከሆነ የተለጠፈ ይመስላል።

ጭቃው ጥፍር ሲጫኑበት ምልክት የሚይዝ ነገር ግን የማይጎብጥ ሲሆን መፈልፈል አለበት። ከአናት ጀምራችሁ ከጆሮዎቹ ኋላ በቀጭን ቢላ ቋሚው እስኪነካ ቁረጡ፤ ከመቁረጣችሁ በፊት በመስመሩ ላይ አቋራጭ ምልክቶች ብታደርጉ ሲገጣጠም አይዛባም። የኋላውን አንሡ፣ ፊቱን ለስላሳ ፎጣ ላይ አስተኙ፣ ጋዜጣውን አውጡና ውፍረቱ 1.5 እስከ 2 ሳንቲሜትር እስኪቀር ፈልፍሉ። አፍንጫና አገጭ ከውስጥ ይረሳሉ፤ እነዚያን ፈልጉ። ጠርዞቹን ጫሩ፣ ቀጭን ጭቃ ቀቡ፣ ግጠሙ። የአንገቱ ሥር ክፍት ይቅር።

በጨርቅና በፌስታል ሸፍናችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አድርቁ። ጆሮና አፍንጫ ቀድመው እንዳይደርቁ ለብቻ ይጠቅለሉ። ጉንጫችሁ ላይ ስታስጠጉት ከቀዘቀዘ ገና እርጥብ ነው። እቶን ውስጥ ከ100 ዲግሪ በታች ለብዙ ሰዓት ይቆይ፤ ያለዚያ ውስጡ የቀረ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይሰብረዋል። 573 ዲግሪ አካባቢም በአፈሩ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን በድንገት ስለሚለጠጥ፣ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ቀስ ይበል። ከ900 እስከ 1000 ዲግሪ ይበቃል። እጅ እስኪያስችል አትክፈቱ። ቀጭን ስንጥቅ ከወጣ ኢፖክሲ ማጣበቂያን ከተመሳሳይ ገል ዱቄት ጋር ለውሳችሁ ሙሉት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል።