የቮልስን የፊት ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ መለወጥ

የቮልስ ሞተር ከኋላ መሆኑ ብዙ ባለንብረቶችን ስለ ፊት ፍሬን ያዘናጋቸዋል። መኪና ፍሬን ሲያዝባት ግን ክብደቷ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የማቆሙን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው። ከእንጦጦ ሲወረድ፣ ይልቁንም ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ በሚወስደው ረጅም ቁልቁለት፣ ታምቡሩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረው ዝግ ከበሮ፣ ሙቀቱን በውስጡ ይዞ ይቆያል፤ ሲሞቅም እየሰፋ ከሸራው (በመፋተግ ከሚያቆመው ንጣፍ) ስለሚርቅ ፔዳሉ ቀስ በቀስ ወደ ወለሉ ይጠጋል። ዲስክ ግን በነፋስ መካከል የሚዞር በመሆኑ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሲሰፋም ወደ ሸራው ይጠጋል እንጂ አይርቅም።

ፋብሪካው ራሱ ወደዚህ የደረሰው በደረጃ ነው። ለውጭ ገበያ የምትቀርበው ቮልስ የዘይት ፍሬን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ ርካሿ መደበኛ ቮልስ እስከ 1962 ድረስ በገመድ ፍሬን ቆይታለች። ከዚያም በ1966 አጋማሽ በቮልስ ላይ ተመሥርታ የተሠራችው ካርማን ጊያ እና በአውሮፓ የተሸጠችው ባለ 1500 ሞተር ቮልስ የፊት ዲስክ ይዘው ወጡ። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የዘይት ፍሬን ላላት፣ ከፊት ግን አሁንም ታምቡር ለምትጠቀም ቮልስ ነው። የገመድ ፍሬን ያላት ከሆነች የኋላውም ሆነ ቱቦው ሁሉ አዲስ ስለሚሆን ሥራው ሌላ ነው።

ዕቃ ከመግዛት በፊት ከመኪናዋ ሥር ገብቶ አክሱን ማየት ያስፈልጋል። እስከ 1965 አጋማሽ የተሠሩት ፐርኖ (መሪ ሲዞር ጎማው የሚታጠፍበት ቋሚ ዘንግ) ያላቸው ሲሆኑ ከዚያ በኋላ የመጡት በምትኩ ቦል ጆይንት (እንደ ኳስ የሆነ መጋጠሚያ) አላቸው፤ 1302 እና 1303 የሚባሉት ደግሞ የፊት እግራቸው ከሁለቱም የተለየ ነው። የአንዱ የካሊፐር (ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጫነው ዕቃ) መያዣ ለሌላው አይሆንም። በሊብሬው ላይ የተጻፈውን ዓመተ ምሕረት ማመን አይበቃም፤ በሃምሳና በስድሳ ዓመት ዕድሜዋ ውስጥ አክሷ ተለውጦ ሊሆን ይችላልና። ቸርኬውንም መመልከት ይገባል። የቀድሞዎቹ አምስት ቡሎን በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ፣ ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የመጡት ደግሞ አራት ቡሎን በ130 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ የሚታሰሩ በመሆናቸው ዲስኩ የሚገዛው በዚሁ ልክ ነው።

ብዙ ሰው ገንዘቡን በዲስኩና በካሊፐሩ ላይ አውጥቶ ማስተር ሲሊንደሩን፣ ማለትም የፔዳሉን ግፊት ወደ ዘይቱ የሚያስተላልፈውን ዕቃ፣ እንደነበረ ይተወዋል። እኔ እንደማየው ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የታምቡር ፍሬን ማስተር ሲሊንደር ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም በቱቦው ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው። በታምቡር ላይ ሸራውን የሚመልስ ጠንካራ ሞላ ስላለ ግፊቱ ጉዳት የለውም። በዲስክ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሞላ ስለሌለ ያ ትንሽ ግፊት ሸራውን ከዲስኩ ጋር እንዳጣበቀ ያስቀረዋል፤ ጎማው ይከብዳል፣ ዲስኩ ይግላል፣ ዘይቱም ይፈላል። ስለዚህ ወደ ፊት የሚሄደው መስመር ይህ ቫልቭ የሌለበት፣ ለፊት ዲስክና ለኋላ ታምቡር የተሠራ ማስተር ሲሊንደር መግዛት ግድ ነው። መኪናዋ ለአራቱም ጎማ በአንድ የዘይት መስመር የምትሠራ ከሆነች ደግሞ በዚሁ አጋጣሚ ወደ ሁለት መስመር ማሳደግ ይመከራል፤ አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ ሌላው ይቀራልና። የሁለት መስመሩ ሲሊንደር የውስጥ ስፋት 19.05 ሚሊ ሜትር ሲሆን የዘይት መያዣውም ባለ ሁለት ክፍል መሆን አለበት። ፔዳሉ እንዲያጥር ብሎ ከዚህ የሰፋ ሲሊንደር መግጠም እግር ላይ ክብደት ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም።

ሥራው ሲጀመር መኪናዋ ደልዳላ ወለል ላይ ትቆማለች፣ የኋላ ጎማዎቿ በድንጋይ ወይም በእንጨት ይደገፋሉ፣ የፊት ጎማ ቡሎኖችም ገና መሬት ላይ ሳለች ይላላሉ። በክሪክ ከተነሣች በኋላ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ታርፋለች፤ በክሪክ ብቻ በተያዘች መኪና ሥር እጅም ቢሆን መግባት የለበትም። በግራ ጎማ በኩል የፍጥነት መለኪያው ገመድ ጎማው በሚዞርበት ዘንግ ውስጥ አልፎ የዘንጉ ክዳን ላይ ስለሚያያዝ አስቀድሞ ይላቀቃል። የዚህ ዘንግ ዳዶ ግራ ጥርስ መሆኑም አይዘንጋ፤ የሚላላው እንደ ሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቁ በረጅም መፍቻ ወደ ሌላው አቅጣጫ የታገሉ ሰዎች ጥርሱን ጨርሰውታል።

ታምቡሩ እንቢ ካለ የሸራው ማስተካከያ በካቻቢቴ ወደ ኋላ ይላላል። ከዚያ ታምቡሩ፣ ሸራው፣ ቱቦውና ከጀርባ ያለው ሰሌዳ ይወጣሉ። ዘንጉ በቤንዚን ከታጠበ በኋላ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ተፍቆ ወይም ሰማያዊ መልክ ይዞ ከተገኘ ዲስክ መለወጥ ብቻውን አይረዳም፤ ዘንጉም ይለወጣል። የካሊፐሩ መያዣ በሰሌዳው ቡሎኖች ቦታ ላይ በአዲስ ቡሎንና አምራቹ በወሰነው ልክ ይጠብቃል። በዲስኩ ላይ ያለው የዝገት መከላከያ ቅባት ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ኩሽኔታው በግሪስ ተሞልቶ ሲገባ ዳዶው ዲስኩ እየተዞረ ይጠብቅና መልሶ ይላላል፤ ትክክለኛው ክፍተት ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያ ለሌለው፣ ከዳዶው ሥር ያለው ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ ሲገፋ በጥቂቱ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ልኩ ደርሷል።

ካሊፐሩ ሲታሰር የአየር ማስወጫው ቡሎን ወደ ላይ መሆኑን ማየት ይገባል። እኔ አንድ ጊዜ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ገጥሜ ግማሽ ቀን ሙሉ ፔዳል ስረግጥ ውያለሁ፤ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድና መውጫው ከታች ስለነበር አንድ ሊትር ዘይት ቢፈስም ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ቀረ። ቱቦው ከታሰረ በኋላ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተዞሮ፣ ጎማው ተንጠልጥሎም መሬት ረግጦም ሳለ፣ ቱቦው ጎማውን እንደማይነካና እንደማይወጠር ይረጋገጣል።

ማስተር ሲሊንደሩ ሲገጠም በፔዳሉ ዘንግና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት፤ ይህም ፔዳሉ ላይ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ባዶ ጉዞ ሆኖ ይሰማል። ክፍተቱ ከጠፋ ዘይቱ ወደ መያዣው መመለሻ ስለማያገኝ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል።

የፍሬን ዘይቱ ዶት 4 የተባለው ደረጃ ይሁን። አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ መጠን እስከ 155 ሊወርድ ስለሚችል ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አይጠቅምም። ዶት 5 የተባለው ሲሊኮን ከዚህ ጋር አይቀላቀልም። መያዣው ከፊት ዕቃ መጫኛው ውስጥ በትርፍ ጎማው በኩል ስለሆነ የፈሰሰ ዘይት ቀለሙን ሳይልጠው ወዲያው በውኃ ይታጠብ። አየር ከማውጣት በፊት የኋላ ሸራዎች ይስተካከላሉ፤ አለበለዚያ ረጅሙ የፔዳል ጉዞ አየር ያለ ያስመስላል። ቅደም ተከተሉ ከሩቁ ይጀምራል፦ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ በመጨረሻ የግራ ፊት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ፔዳሉ ተረግጦ ይለቀቅና የፊት ጎማዎች በእጅ ይዞሩ። ሸራው ዲስኩን በስሱ ቢያሽ ችግር የለም። ጎማው ከከበደ የአየር ማስወጫው በጥቂቱ ይከፈት፤ ዘይቱ ፊጭ ብሎ ጎማው ከተፈታ በመስመሩ ውስጥ ግፊት ቀርቷል ማለት ነውና ቫልቩና የፔዳሉ ክፍተት እንደገና ይታዩ። ዘይቱ ካልተረጨ ግን ጥፋቱ በካሊፐሩ ፒስተን ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ሰው በሌለበት ደልዳላ መንገድ ላይ ይሁን። ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 20 አሥር ጊዜ ያህል በዝግታ እየቀነሱ፣ በየመካከሉም ዲስኩ እንዲቀዘቅዝ እየነዱ ሸራው ይለማመዳል። ፔዳሉ ከቀድሞው ከበድ ቢል አያስደንግጥ፤ በታምቡር ውስጥ የጎማው መዞር ራሱ ሸራውን እየጎተተ ያግዝ ነበር፣ ዲስክ ግን የሚይዘው እግር በሰጠው ኃይል ብቻ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የኩሽኔታው ክፍተት፣ የመያዣው ቡሎኖችና የዘይቱ መጠን እንደገና ይታያሉ።