የስኳር ድንች ፓይ የሚያበላሹ ስህተቶች

የስኳር ድንች ፓይ፣ ማለትም የተፈጨ ስኳር ድንች ሊጥ ውስጥ ተሞልቶ የሚጋገር ጣፋጭ፣ የአሜሪካ ደቡብ ምግብ ነው። ስኳር ድንቹም ቀረፋውም ዝንጅብሉም ግን ደሴ ገበያ ስላለ እዚሁ መጋገር ይቻላል። ጠላቱ ውሃ ነው።

ትልቁ ስህተት ስኳር ድንቹን መቀቀል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ድንቹ ቶሎ አይበስልም፤ በቆየ ቁጥርም ውሃ ይጠጣል። ያ ውሃ ኋላ ፓይው ውስጥ ይወጣና የታችኛውን ሊጥ ያላቁጠዋል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ይፈጥናል እንጂ ውሃው ያው ነው። ይልቅ ከነልጣጩ በ200 ዲግሪ ኦቨን አንድ ሰዓት ያህል ጥበሱት። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ሲገባ ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል፤ ጣዕሙ ሌላ ነው። መብራት ከጠፋ ረመጥ ውስጥ ቅበሩት፣ በጣም ያምራል። ከዚያ ልጣጩን አንሱና በወንፊት እየጨፈለቃችሁ አሳልፉት፤ ክሩ እዚያው ይቀራል።

ንጥር ቅቤ ለሊጡ አይሆንም። ኮሰረቱ የፓይውን ጣዕም ይሸፍነዋል፤ ቀልጦ ሲገባ ደግሞ ሊጡ ተፈረካካሽ አይሆንም። ለ160 ግራም ዱቄት 100 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ በጣት ፈርፍሩ፤ የአተር ፍሬ ሲያክል አቁሙ። 3 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃዋል። እንደ ዳቦ ሊጥ አታሹት፣ ይደርቃል። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ይረፍ።

ሊጡን ጥሬውን መሙላትም ስህተት ነው። ወረቀት አንጥፉበት፣ ደረቅ ሽምብራ ሙሉበት፣ 15 ደቂቃ ብቻውን ይጋገር።

ቅመም ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ለ500 ግራም ድንች አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ ዝንጅብል፣ ሩብ ኮረሪማ ይበቃል። ቅርንፉድ ቁንጥር ብቻ። ኮረሪማው ያኔውኑ ሙቀጫ ውስጥ የተወቀጠ ይሁን፤ ለእኔ የዚህ ፓይ ነፍሱ እሱ ነው።

ድንቹን ከነቅመሙ ከ2 እንቁላል፣ ከአንድ ስኒ ወተትና ከግማሽ ስኒ ስኳር ጋር አዋህዱት፤ ወረቀቱንና ሽምብራውን ካነሳችሁለት ሊጥ ውስጥ ሙሉትና በ175 ዲግሪ ጋግሩት። ድርቅ እስኪል አትጠብቁ፤ እንቁላሉ ከልክ በላይ ሲበስል ፓይው ይሰነጠቃል፣ ውሃም ይተፋል። ዳሩ ረግቶ መሀሉ ትንሽ ሲወዛወዝ አውጡት። ከመቁረጣችሁ በፊት 2 ሰዓት ይቀዝቅዝ።

ቀኑንም እዩ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቡና ላይ ነው የሚቀመጠው። ፓይው እንቁላልና ወተት ስላለው ረቡዕና ዓርብ ለጾመኛው አይሆንም፤ ጎረቤቱን ሁሉ ከጠራችሁ ሌላ ቀን ምረጡ።